የድሮ መካነ መቃብር፣ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያንና ወና የቀረ ሰፈር እንዴት ይመዘገባል?

ገጠር ስትሄዱ የሣር ክዳን የነበረው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በብሎኬትና በቆርቆሮ ሲተካ ታያላችሁ። ምእመኑ ከጉሮሮው ቀንሶ፣ ደስ ብሎት ነው የሚሠራው። ነገር ግን መሠረት ሲወጣ የድሮ መቃብር ድንጋይም አብሮ ይነሳል። ገሚሱ ለካብ ይውላል፣ ጽሑፍ ያለበት ሐውልት ተገልብጦ ደረጃ ይሆናል። ማን የት እንደተቀበረ የሚያውቁት ከዚያ በኋላ ጥቂት አዛውንቶች ብቻ ናቸው።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለ ቦታ ከመጥፋቱ በፊት መመዝገብ ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ለታሪክ መምህር፣ ለወረዳ የባህል ባለሙያ፣ የአያቱን አጥቢያ ፍለጋ ከውጭ ለሚመጣ ሰውም ጭምር። ቁፋሮ የለበትም። ሥራው መራመድ፣ መጠየቅ፣ መለካት፣ ፎቶ ማንሳትና መጻፍ ነው። ምሳሌዎቼ በብዛት ከሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝና ከአንኮበር አካባቢ ናቸው።

1. መጀመሪያ ደብዳቤ

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ የቅርስ ፍለጋና ጥናት ማድረግን ይከለክላል። ፈቃዱን የሚሰጠው የፌዴራሉ የቅርስ ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ «እኔ እኮ አልቆፍርም» ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትሂዱ። ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጀምሩ፤ የሥራችሁ ስፋት እስከ የት ፈቃድ እንደሚጠይቅ እነሱ ይነግሯችኋል።

ለቤተ ክርስቲያን ቦታ ደግሞ ሌላ መስመር አለ። ከሀገረ ስብከቱ ወይም ከወረዳው ቤተ ክህነት ለደብሩ አስተዳዳሪና ለሰበካ ጉባኤው የተጻፈ ደብዳቤ ያዙ። ለሙስሊም መካነ መቃብር መጅሊሱንና የአካባቢውን ሽማግሌዎች አነጋግሩ። ቀበሌውም ቅጂ ይድረሰው። ድሮን ለብቻው ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከሌላችሁ ቤት ይቅር።

ጊዜው ከጥር እስከ ግንቦት ቢሆን ይመረጣል። እህሉ ታጭዷል፣ ሣሩ አጥሯል፣ መንገዱ ደርቋል። ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ እረፍት የሚያገኘው በሐምሌና በነሐሴ ነው። እነዚያ ወራት ለዘመድ ጥየቃ ጥሩ ናቸው፣ ለዚህ ሥራ ግን አይሆኑም። ሁሉም ነገር በሣርና በጭቃ ተሸፍኗል።

2. ከቤት ሳትወጡ ቦታውን እዩት

ጉግል ኧርዝ ክፈቱ። በተራቆተ የእርሻ መሬት መሃል ጠቆር ያለ ክብ ደን ካያችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ነው። መሃሉ ላይ ጣሪያ ከሌለና ደኑ ብቻ ካለ ደግሞ ልብ በሉ፤ ታቦቱ የተነሳበት ቦታ ሊሆን ይችላል። የቆዩትን ምስሎች የሚያሳየውን የሰዓት ምልክት ተጭናችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ በበጋ የተነሳውን ምረጡ። የፈረሰ አጥርና የቤት ክብ በደረቅ መሬት ላይ ጎልቶ ይወጣል።

ከሳተላይት በፊት የነበረውን ለማየት የድሮ የአየር ፎቶዎች አሉ። ጣልያኖች በወረራው ጊዜ ያነሷቸው አሉ፤ ከዚያም በኋላ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በተለያየ ጊዜ የተነሱ። የድሮው የካርታ ሥራዎች ድርጅት አሁን በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ውስጥ ነው፤ የአየር ፎቶና የ1፡50,000 ካርታ የሚጠየቀው እዚያ ነው። አንድ ሰፈር በድሮው ፎቶ ላይ ኖሮ በኋለኛው ላይ ከሌለ፣ የጠፋበትን ዘመን ግማሽ መንገድ አገኛችሁት።

አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። የድሮዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት «አዲንዳን» በሚባለው መነሻ (የቦታ ቁጥር የሚሰላበት መሠረት) ነው። ስልካችሁ የሚሠራው በሌላ መነሻ፣ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። በሁለቱ መካከል የዩቲኤም ቁጥር (ቦታን በሜትር የሚያመለክተው የካርታ ቁጥር) ከ200 ሜትር በላይ ይለያያል። ከካርታ የገለበጣችሁትን ቁጥር በስልክ ስትከተሉ ገደል አፋፍ ላይ ብትደርሱ ምክንያቱ ይህ ነው። በየመዝገባችሁ ላይ የትኛውን መነሻ እንደተጠቀማችሁ ጻፉ። አብዛኛው የመካከለኛው ደጋ በዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ነው።

3. የምትይዙት

50 ሜትር የሚለካ ሜትር፣ አንድ አጭር ሜትር፣ ኮምፓስ፣ ገመድና የእንጨት ችካል፣ ደብተር፣ እርሳስ (ቀለም በካፊያ ይጠፋል)፣ ቁጥር የሚጻፍበት ካርቶን፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ዘንግ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ የፊት መስታወት፣ ስልክና ፓወር ባንክ። መስታወቱ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ይመጣል።

ዶማ፣ አካፋ፣ የብረት ብሩሽና ብረት መፈለጊያ መሣሪያ አትያዙ። የመጨረሻው በተለይ ስማችሁን በአንድ ቀን «ወርቅ ፈላጊ» ያደርገዋል። ያ ስም ከወጣላችሁ ደግሞ ደብዳቤውም አያድናችሁም።

4. ሰፈሩ ውስጥ መግባት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሥራው የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ነው።

ገበሬው ሜትር የዘረጋ እንግዳ ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ታሪክ አይደለም። «መሬት ሊለኩ መጡ» ነው የሚለው። እውነቱን ነው፤ ሜትር የያዘ ሰው በመጣ ቁጥር ወይ ግብር ይጨመራል ወይ መሬት ይነሳል። ስለዚህ ሜትሩን ከቦርሳ ከማውጣታችሁ በፊት ሰው ሁሉ ይስማ። ጥሩው ጊዜ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ አስተዳዳሪው ራሳቸው ቆመው ቢናገሩላችሁ ይበልጣል። የእድር ስብሰባም ይሆናል። ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምትጽፉ፣ ምን እንደማትነኩ፣ ቅጂው የት እንደሚቀመጥ ተናገሩ። «ምን ጥቅም አለው?» ይሏችኋል። መንገድና የውሃ ቧንቧ እናስገባለን ብላችሁ አትዋሹ። የአባቶቻችሁ ስም በጽሑፍ ይቀራል ማለት በቂ ነው፣ ብዙ ሰውም ይገባዋል።

የቀበሌው ሰው ያስተዋውቃችሁ፤ ከዚያ ግን ከየቃለ መጠይቁ ፊት አይቀመጥ። አዛውንት ስለ ርስትና ስለ ባላባት ሲያወሩ ሹም እየሰማ ከሆነ ታሪኩ ያጥራል።

የምትፈልጓቸው ሰዎች እነዚህ ናቸው፦ ቄሰ ገበዙ (ዕቃውንም መቃብሩንም ያውቃሉ)፣ መሪጌታው፣ ግቢው ውስጥ የሚኖሩ መነኩሲት፣ መቃብር የሚቆፍሩ ሰዎች፣ እረኞች። እረኛን የሚንቅ ብዙ ነገር ያመልጠዋል። ድንጋይ የተከመረበትን፣ ጉድጓድ ያለበትን፣ ገል የሚበዛበትን ሁሉ የሚያውቁት ልጆቹ ናቸው።

«ይህ መቼ ነው የተሠራው?» ብላችሁ ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ። እንዲህ ጠይቁ፦ «አባባ፣ እርስዎ ልጅ ሆነው ነበረ? አባትዎስ ስለሱ ምን ይሉ ነበር? ጣልያን ሲገባ ቆሞ ነበር?» የሚከተሉትን የጊዜ ምልክቶች በደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጻፏቸው፦ ክፉ ቀን (ከ1880 ጀምሮ ያሉት ጥቂት ዓመታት)፣ ዓድዋ 1888፣ ሰገሌ 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ማይጨው 1928፣ የጣልያን መውጣት 1933፣ መሬት ለአራሹ 1967፣ የ77 ድርቅ። የኅዳር በሽታን በተለይ አንሡ። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የተቀበረበት ጥግ ካለ አዛውንቶች የሰሙት ይኖራል፤ ከላይ ግን ምንም ምልክት ላይኖረው ይችላል።

5. መካነ መቃብሩ

ጫማ የሚወለቅበትን ጠይቁ። ቅዳሴና ፍትሐት ላይ አትሥሩ። ለቅሶ ከመጣ ሁሉን ነገር ሰብስባችሁ ከለቀስተኛው ጋር ቁሙ።

ከዚያ በአንዱ የግቢው ጠርዝ ረጅሙን ሜትር ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ። ይህ መነሻ መስመራችሁ ነው። ሁለቱን ጫፎች በስልክ ጂፒኤስ መዝግቡ። ለየመቃብሩ ለየብቻ ጂፒኤስ መውሰድ ግን አያዋጣም፤ ሰማይ ጥርት ብሎ እንኳ ስልክ በጥቂት ሜትሮች ይስታል፣ ጽድና ወይራ ሥር ደግሞ ይብሳል። ሁለት መቃብሮች በአንድ ሜትር ተራርቀው ሳለ የአምስት ሜትር ስህተት ሁለቱን ያቀላቅላል። ስለዚህ ከመነሻው መስመር ላይ በቀኝ ማዕዘን እየወጣችሁ በሜትር ለኩ። ቀኝ ማዕዘኑን በገመድ 3፣ 4፣ 5 ሜትር አድርጋችሁ አውጡት፤ ግንበኛ ሁሉ ያውቀዋል።

ለየመቃብሩ ቁጥር ስጡ። ምልክት የሌለው የድንጋይ ቁልልም ቁጥር ይገባዋል። ይህን የምደጋግመው ብዙ ሰው ሐውልት ያለውን ብቻ መዝግቦ ስለሚሄድ ነው። በገጠራችን የተጻፈበት ሐውልት ያለው ፊታውራሪው፣ ቀኛዝማቹ፣ ሀብታሙ ነው። ሌላው ሁሉ ከድንጋይ ካብ በታች ነው፣ ያም ካለ። ሐውልቱን ብቻ ከመዘገባችሁ ያገኛችሁት የሹማምንት ዝርዝር ነው።

አንድ መዝገብ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ቁጥር 14። የድንጋይ ካብ፣ ርዝመት 1.9 ሜትር፣ ወርድ 0.8። ምሥራቅ–ምዕራብ። ጽሑፍ የለም። በምዕራብ ጫፍ የቆመ ድንጋይ፣ ያዘነበለ። የወይራ ሥር ሰሜኑን ጎን አንሥቶታል። ፎቶ 41–43። ነጋሪ፦ ቄሰ ገበዝ።» ይህን ያህል ይበቃል።

ስለ አቅጣጫ አንድ ነገር ላንሳ፤ መጻሕፍት ላይ የተማረ ሰው እዚህ ይሳሳታል። ክርስቲያን ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ነው የሚቀበረው። ሙስሊም ደግሞ በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱን ወደ ቂብላ አድርጎ። ከሰሜን ሸዋና ከወሎ መካ ያለችው ከሞላ ጎደል በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው። ፊት ወደ ሰሜን ከሆነ አካሉ ምሥራቅና ምዕራብ ይጋደማል። ስለዚህ በእኛ አገር የሁለቱም መቃብር ከላይ ሲታይ አንድ አቅጣጫ ይይዛል። በአቅጣጫ ብቻ «ይህ የክርስቲያን ነው» ብላችሁ አትጻፉ። አካባቢውን፣ የድንጋዩን አቋቋምና የሰዉን ቃል ደምሩ።

ክብ የሆነ ትልቅ የድንጋይ ቁልል ካጋጠማችሁ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በመንዝና በአንኮበር ዙሪያ አርኪዮሎጂስቶች «የሻይ ባህል» የሚሉት፣ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የሚደርስ የቀብር ቁልል አለ። ከሩቅ ገበሬ ከማሳው የለቀመው ድንጋይ ይመስላል። አትውጡበት፣ ድንጋይ አታንሱ፤ ቦታውን መዝግባችሁ ለወረዳው አሳውቁ።

*ጽሑፍ ማንበብ።* ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የተፈለፈለ ፊደል አይታይም። ጠዋት በማለዳና ከ10 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ በጎን ሲመጣ ፊደሉ ጥላ ይይዛል። በሌላ ሰዓት ሰው በመስታወት ፀሐይዋን ከጎን አንጸባርቆ ያብራላችሁ፤ ውጤቱ ያስገርማል። ጠመኔ፣ ዱቄት፣ ኖራ አትቀቡ። ሽበቱን (ድንጋዩ ላይ የበቀለውን) በቢላ አትፋቁ፤ ፊደሉም አብሮ ይነሳል። አቧራ ብቻ በለስላሳ ብሩሽ ጠረግ አድርጉ።

ቁጥሩ በግእዝ ነው። ፲፱፻፴፰ ማለት 1938 ነው። ፮ እና ፯ ሲያረጁ ይመሳሰላሉ፤ ካልለያችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ዘመነ ወንጌላዊው ከተጻፈ ትልቅ እገዛ ነው። በዓመቱ ላይ 5500 ጨምሩና ለ4 አካፍሉ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። እንግዲህ ድንጋዩ ላይ ፲፱፻፴ ብሎ መጨረሻው ተሰብሮ «ዘመነ ሉቃስ» ቢል፣ ዓመቱ ከ1931፣ ከ1935 ወይም ከ1939 አንዱ ነው። ከአሥር አማራጭ ወደ ሦስት ወረዳችሁ። ቄሰ ገበዙ ከሦስቱ አንዱን ሊመርጡላችሁ ይችላሉ።

ስሙ ላይም ተጠንቀቁ። የክርስትና ስምና የዓለም ስም ይለያያሉ። ድንጋዩ ወልደ ሚካኤል ያለውን ሰፈሩ በሌላ ስም ሊያውቀው ይችላል። ሁለቱንም መዝግቡ። ጽሑፉን እንዳለ ገልብጡ፤ የፊደል ግድፈት ቢኖርበት አታርሙ።

ግቢው ዳር ያሉትን መቃብር ቤቶችም አትዝለሉ። ቤቱን የሠራው ቤተሰብ፣ አሁን ማን እንደሚኖርበት፣ ከውስጥ ድንጋይ ካለ ጠይቁ። ሳይፈቀድላችሁ አትግቡ።

6. የፈረሰው ቤተ ክርስቲያን

ክብ ቤተ ክርስቲያን ሲፈርስ የሚተወው ቅርጽ ግልጽ ነው። ሁለት ክብ የመሠረት ድንጋይ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ፣ መሃሉ ላይ አራት ማዕዘን። ውጪው ቅኔ ማህሌት፣ መሃሉ ቅድስት፣ አራት ማዕዘኑ መቅደስ ነው። ክቡን በሁለት አቅጣጫ ለኩ፤ ፍጹም ክብ አይሆንም። መቅደሱ ግን ፈርሶም መቅደስ ነው። ታቦቱ ተነሥቶ እንኳ ካህናቱ እንድትረግጡት ላይፈልጉ ይችላሉ። ከውጪ ሆናችሁ ለኩ፣ ወይም ዲያቆን ይለካላችሁ።

ከዚያ ዙሩት። ቤተ ልሔሙን አብዛኛውን ጊዜ በምሥራቅ በኩል ፈልጉ። ደጀ ሰላሙን፣ ቅጽሩን፣ የድንጋይ ደወል የተሰቀለበትን ዛፍ፣ ጠበሉን ጠይቁ። የድንጋይ ደወል ብዙ ጊዜ ሣር ውስጥ ወድቆ እንደ ተራ ድንጋይ ይታለፋል። የተረፈ በር፣ መቃንና ምሰሶ ወደ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሊሆን ስለሚችል እዚያም እዩ። ታቦቱ ወዴት እንደተነሣና በማን ዘመን እንደሆነ መጻፍ አትርሱ።

7. ወናው ሰፈር

ሰፈር ወና የሚቀረው በብዙ ምክንያት ነው። በሰሜን ሸዋና በወሎ ከ77 ድርቅ በኋላ ብዙ ቤተሰብ በሰፈራ ወደ ምዕራብ ሄዷል። በዚያው ዘመን የደርግ መንደር ምሥረታ ተበታትኖ የነበረውን ቤት በመስመር ሰበሰበ። የካቲት 1982 ፖሊሲው ሲላላ ብዙው ቆርቆሮውንና እንጨቱን ነቅሎ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ወና ልታገኙ ትችላላችሁ፤ በኮረብታና በሸንተረር የተበታተነው የድሮው፣ እና በሜዳ ላይ በቀጥታ መስመር የተሠራው አጭር ዕድሜ ያለው መንደር። ድንጋይ ያነሰበት ቦታ የድሃ ቤት ነበር ማለት አይደለም። ድንጋዩ ከባለቤቱ ጋር ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ቦታውን የምታገኙት መጀመሪያ በዕፅዋቱ ነው። በሜዳ መሃል የቁልቋል አጥር ካለ፣ ጌሾ ወይም ግራዋ በሰልፍ ከቆመ፣ ሰው ነበረበት። ሳማ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለበት ደግሞ ብዙ ጊዜ የድሮ በረት ወይም የቆሻሻ መድፊያ ነው፤ ፍግ የበዛበትን አፈር ይወዳል። ባሕር ዛፍ ካለ ሰፈሩ ቢያንስ እስከ ምኒልክ ዘመን ደርሷል፤ ከዚያ በፊት በአገሩ አልነበረም።

አምስት ሰው ከሆናችሁ በ10 ሜትር ርቀት ተሰልፋችሁ በእኩል ፍጥነት ተራመዱ። ዓይን መሬት ላይ ይሁን። ያያችሁት ነገር ላይ ችካል ተክላችሁ ቀጥሉ፤ መመዝገቡ ከመጨረሻው መስመር በኋላ ነው። የምትፈልጉት፦ የጎጆ ክብ፣ አውድማ (ድልድል ያለ ጠንካራ ክብ መሬት)፣ የእህል ጉድጓድ፣ የአመድ ቁልል፣ የወፍጮ ድንጋይና መጅ፣ ጉልቻ፣ ገል። የእህል ጉድጓድ አፉ በሣር ተሸፍኖ ሰው ይውጣል፤ ለዚህ ነው በመስመር መሃል እረኛ ማስገባት የሚያስፈልገው።

የቤቱን ክብ ስትለኩ በሩ ወዴት እንደነበር፣ ምድጃው የት እንደሆነ፣ ከብቶቹ ከሰው ጋር ያድሩ እንደሆነ ፈልጉ። ከዚያ እዚያ የኖረ ሰው ካለ አምጡት። «እማማ፣ እዚህ ጋ ምን ነበር?» ብትሏቸው በእግራቸው እየዞሩ ጓዳውን፣ መደቡን፣ ጎተራውን ያሳዩአችኋል። ንድፋችሁን ከዚያ በኋላ አስተካክሉ፣ የራሳችሁን ግምትና የእሳቸውን ቃል ግን በተለያየ ቀለም እርሳስ ጻፉ።

ዘመኑን ለመገመት ትንንሽ ነገሮች ይረዳሉ፣ ያታልላሉም። የማሪያ ቴሬዛ ብር ላይ 1780 እ.ኤ.አ. ተጽፏል፤ ሁሉም ላይ ያው ነው። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በዚያው ዓመት ነው የተመታው፤ ስለዚህ ዘመን አይነግርም። 1936 የሚለው የኃይለ ሥላሴ ሳንቲምም ዓመቱ ሳይቀየር ለብዙ ጊዜ ተመትቷል። የጥይት ቀለሃ የተሻለ ነው፣ ከታች በኩል ብዙ ጊዜ የተሠራበት ዓመት ይታተምበታል። ገል ካያችሁ አፉን፣ እጀታውንና ጌጡን ከዘንጉ ጋር ፎቶ አንሱ።

ሁሉንም ካነሳችሁበት መልሱ። ሳንቲምም ቢሆን። «ይጠፋል፣ ላስቀምጥ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ የወረዳው ባለሙያ መጥቶ ይወስን። ጎርፍ አጥንት ካወጣ አትንኩት፣ ፎቶውንም በማኅበራዊ ሚዲያ አትለጥፉ። የቤተ ክርስቲያን ከሆነ ለካህናቱ፣ ካልሆነ ለሽማግሌዎች፣ በሁለቱም ሁኔታ ለወረዳው በዚያው ቀን ንገሩ።

8. ማታ ማታ

ፎቶውን በዚያው ማታ ቁጥር ስጡት። ነገ ይሆናል ካላችሁ ሁሉም የድንጋይ ቁልል አንድ ይሆንባችኋል። ደብተሩን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ ወደ ኤክሴል አስገቡ። አንድ ቅጂ ፍላሽ ላይ፣ አንድ ቅጂ ሌላ ሰው ዘንድ ይቀመጥ።

ሪፖርቱ አጭር ይሁን፦ የት፣ መቼ፣ በማን ፈቃድ፣ ምን ያህሉን መሬት ረገጣችሁ፣ ምን አገኛችሁ፣ የትኛው አደጋ ላይ ነው። ያልረገጣችሁትን መሬት በካርታው ላይ ለይታችሁ አቅልሙ። ሄዳችሁ ምንም ያላገኛችሁበትንም «ታይቷል፣ የለም» ብላችሁ ጻፉ፤ ካልጻፋችሁት የሚቀጥለው ሰው እንዳልታየ ይቆጥረዋል።

ለሕዝብ የሚወጣው ቅጂ ላይ ትክክለኛ የጂፒኤስ ቁጥር አታስገቡ፤ የቀበሌው ስም ይበቃል። ሌባ የሚፈልገው መስቀልና ብራና የት እንዳለ ብቻ ነው። ሙሉው ቅጂ ለወረዳው፣ ለቤተ ክህነቱና ለደብሩ ይሰጥ። የደብሩ በወረቀት ታትሞ፣ በትልልቅ ፊደል፣ የመቃብሩ ንድፍ ተያይዞበት ይሁን፤ ቄሰ ገበዙ ዕቃ ቤት ያስቀምጡታል፣ የቀረ ስም ያለው ሰውም መጥቶ ያስጨምርበታል። ለዚያ መጨረሻው ላይ ሁለት ሦስት ባዶ ገጽ ተዉ።